መነሻው ያልታወቀ ካንሰር፦ ዕጢው ራሱ ምን ይናገራል?

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ አላችሁ፤ ልጆቻችሁን ለሰው ትታችሁ የመጣችሁም አላችሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

ይህን ርዕስ የመረጥኩት በአማርኛ እምብዛም ስለማይወራ ነው። ስለ ጡት ካንሰር፣ ስለ ማህፀን በር ካንሰር ብዙ ሰምተናል። ይሄኛው ሲመጣ ግን ቤተሰብ ግራ ይጋባል፤ የሚጠይቀው ጥያቄ እንኳ ይጠፋዋል። አንድ ነገር ላስቀድም፤ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ጎኑን ያመዋል፣ ይከሳል፣ አልትራሳውንድ ይነሳል። ጉበቱ ላይ በርከት ያሉ ዕጢዎች ይታያሉ። በመርፌ ናሙና ይወሰዳል። ውጤቱ ካንሰር ነው፤ ግን ከጉበት የተነሳ አይደለም። ከሌላ አካል ተነስቶ፣ በደም ተጉዞ ጉበት ላይ ያረፈ ነው። ከየት ተነሳ? ሲቲ ስካን ይደረጋል። ጨጓራና አንጀት በካሜራ ይታያል። ሴት ከሆነች ጡቷ በማሞግራም ይመረመራል። ምንም አይገኝም። ይሄ ነው መነሻው ያልታወቀ ካንሰር የሚባለው። ከካንሰር ታማሚዎች ሁሉ ከ2 እስከ 5 በመቶ የሚሆኑት በዚህ ስም ይመዘገባሉ።

መነሻውን ማወቅ ለምን አስፈለገ? የካንሰር ሕክምና ለብዙ ዘመን የተደራጀው በአካል ክፍል ስለሆነ ነው። ሳንባ የራሱ መድኃኒት አለው፣ አንጀት የራሱ፣ ጡት የራሱ። ጉበት ላይ ያረፈ የጡት ካንሰር የሚታከመው እንደ ጡት ካንሰር ነው። መነሻው ካልታወቀ ግን ሐኪሙ ለብዙ ዓይነት ካንሰር ያገለግላል የተባለ ኬሞ ያዝዛል፤ ብዙ ጊዜ ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሰል። በዚህ መንገድ ከሚታከሙት ግማሽ ገደማ የሚሆኑት ዓመት ሳይሞላቸው ያርፋሉ። ከባድ ነው፣ ግን ሸፋፍኜ ማለፍ አልፈልግም።

ሁሉም እንዲህ አይደሉም። ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት የተሻለ ዕድል አላቸው። ብብቷ ውስጥ ብቻ ንፍፊት ያበጠባትና ናሙናው የጡት የሚመስል ሴት፣ ጡቷ ላይ ምንም ባይታይም እንደ ጡት ካንሰር ታክማ ልትድን ትችላለች። አጥንቱ ላይ ካንሰር ታይቶ በደሙ ውስጥ ፒኤስኤ የተባለው ከፕሮስቴት የሚመነጭ ፕሮቲን ከፍ ያለበት ወንድ እንደ ፕሮስቴት ካንሰር ይታከማል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ታማሚው ከነዚህ ቡድኖች በአንዱ ይገባል ወይ?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ዘመናዊ የዘረመል ምርመራ ሳይመጣም ነበረ፤ ዛሬም ቅድሚያ የሚሰጠው እሱ ነው።

አሁን ቤተሰብ ሁሉ ወደሚጠይቀው ልምጣ። «ሐኪሞቹ ሳያዩት ቀርተው ነው?» ብዙ ጊዜ መልሱ አይደለም ነው። በ2007 የግሪክ ተመራማሪዎች ከ1944 እስከ 2000 ድረስ የተደረጉ የ884 ታማሚዎች የአስከሬን ምርመራዎችን ሰብስበው አዩ። በሕይወት እያሉ መነሻው ያልተገኘላቸው ሰዎች ናቸው። ሰውነታቸው ተከፍቶ ሲታይ በ73 በመቶው ላይ መነሻው ተገኘ። በብዛት ሳንባና ቆሽት ላይ ነበር፤ ዕጢዎቹም አብዛኛውን ጊዜ ትንንሽ ናቸው። በቀሩት ላይ ግን ከሞት በኋላም አልተገኘም። ስለዚህ ሐኪም ቤት እየቀያየሩ ስካን ማስደገም ብዙ ጊዜ የታማሚውን ጉልበትና የቤተሰቡን ገንዘብ ጨርሶ ባዶ እጅ ይመልሳል።

ያልተገኘው የት ገባ? ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር አንድ ፍንጭ ይሰጣል። ከሜላኖማ ታማሚዎች ወደ 3 በመቶ የሚሆኑት ቆዳቸው ላይ መነሻው አይገኝም። ሰውነት ራሱ በመከላከያ ሴሎቹ ቆዳው ላይ የነበረውን ዕጢ አጥፍቶታል ተብሎ ይታመናል። ከዚያ በፊት ግን ጥቂት ሴሎች ወደ ንፍፊት አምልጠዋል። ምንጩ ደረቀ፣ የፈሰሰው ቀረ።

ተመራማሪዎች ሌላም ነገር ጠርጥረው ነበር። ይህ ካንሰር ገና ትንሽ ሳለ እንዲሰራጭ የሚያደርግ የራሱ የሆነ የዘረመል ለውጥ ይኖረው ይሆን? ብዙ ተፈለገ። ሌላ ካንሰር ላይ የማይታይ፣ ይሄን ብቻ የሚለይ ሚውቴሽን ግን አልተገኘም። በ2015 በአሜሪካ የ200 ታማሚዎች ናሙና ከ200 በላይ ጂኖች ላይ ተነቧል። ከግማሽ በላዩ ቲፒ53 የተባለው ጂን ተበላሽቶበታል። ከአምስቱ አንዱ ኬራስ ላይ ለውጥ አለው። እነዚህ የሳንባ፣ የቆሽትና የአንጀት ካንሰር ላይ በየቀኑ የምናያቸው ጂኖች ናቸው። ከዚህ የምወስደው ነገር ግልጽ ነው፤ አንድ ስም ሰጠነው እንጂ አንድ በሽታ አይደለም። ብዙ በሽታዎች ናቸው ባንድ ስም የተጠሩት። ለዚህም ነው ለሁሉም አንድ ዓይነት ኬሞ መስጠት ብዙም ያላራመደን።

እንግዲህ መነሻው በዓይን ካልታየ ዕጢውን ራሱን መጠየቅ ይቻላል? ይቻላል። ከጎጃም አዲስ አበባ የገባ ሰው ሠላሳ ዓመት ቢቀመጥም አፉን ሲከፍት አገሩ ይታወቃል። ሴልም እንዲሁ ነው። በሰውነታችን ያለ ሴል ሁሉ ተመሳሳይ ዲኤንኤ ነው የያዘው። የሳንባን ሴል ከአንጀት ሴል የሚለየው የትኛው ጂን እንደተከፈተና የትኛው እንደተዘጋ ነው። ሴሎች ጂኖችን ከሚዘጉባቸው መንገዶች አንዱ ሜቲል የተባለች ትንሽ ኬሚካል ዲኤንኤው ላይ መለጠፍ ነው። የተለጠፈበት ቦታ ንድፍ ለእያንዳንዱ የአካል ክፍል የተለየ ነው። ሴሉ ካንሰር ሆኖ ሌላ አገር ሲገባ ንድፉ ይዛባል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይጠፋም።

ባርሴሎና ያለው የማኔል ኤስቴለር ቡድን ይህንን ተጠቀመበት። መነሻቸው የታወቁ 38 ዓይነት ካንሰሮችን፣ ወደ 2,800 የሚጠጉ ናሙናዎችን ለኮምፒውተር አስተማረ። ከዚያ መነሻቸው ያልታወቀ 216 ናሙናዎችን አቀረበለት። በ2016 የወጣው ውጤት ለ188ቱ፣ ማለትም ለ87 በመቶው መነሻ ገምቷል። ከሜቲል ይልቅ ጂኖቹ ያመረቱትን አርኤንኤ የሚለኩ ምርመራዎችም አሉ፤ ሐሳባቸው ተቀራራቢ ስለሆነ አልዘገይባቸውም።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ሌላው ምልክት ነው፤ ጉዳቱ ራሱ ላይ የሚነበበው። ዲኤንኤ በአራት ፊደል ነው የተጻፈው፤ ኤ፣ ሲ፣ ጂ እና ቲ። የሲጋራ ጭስ ዲኤንኤን ሲጎዳ በዘፈቀደ አይደለም። በብዛት ሲ የነበረው ወደ ኤ ይቀየራል። የፀሐይ ጨረር ደግሞ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲዎችን ወደ ሁለት ቲ ይለውጣል። አሁን ከጉበት የወጣ ዕጢ ዲኤንኤው ተነቦ በእነዚህ ድርብ ቲዎች ተሞልቶ ቢገኝ ምን እንላለን? ጉበት ፀሐይ አያይም። ይህ ዕጢ አንድ ወቅት ቆዳ ነበር። ሳንባ ላይ በስካን ምንም ሳይታይ የሲጋራው አሻራ አንጎል ውስጥ ባለ ዕጢ ላይ ቢገኝም እንዲሁ ሳንባ እንጠረጥራለን።

ቫይረስም አሻራ ይተዋል። አንገት ላይ ያበጠ ንፍፊት ውስጥ ኤችፒቪ ያለበት ካንሰር ከተገኘ መነሻው ቶንሲል ወይም የምላስ ሥር ላይ ይፈለጋል። ኢቢቪ የተባለው ቫይረስ ከተገኘ ደግሞ ከአፍንጫ ጀርባ። እዚህ ላይ አገር ቤት ላሉ ዘመዶቻችሁ የምታደርሱት ነገር አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ አንገት ላይ ንፍፊት ሲያብጥ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቲቢ ነው። ትክክልም ነው፤ ከአገሪቱ የቲቢ ታማሚዎች ሲሶ ገደማው ከሳንባ ውጭ ነው የሚይዘው፣ ከዚያም ንፍፊት ዋነኛው ነው። ነገር ግን ንፍፊቱ ጠንካራ ከሆነ፣ ሕመም ከሌለው፣ እያደገ ከሄደና በቲቢ መድኃኒት ካልቀነሰ ናሙናው እንደገና መወሰድ አለበት። በተለይ በጎልማሳ ሰው ላይ። «መድኃኒቱን ጨርስና እናያለን» እየተባለ ወራት መሄድ የለባቸውም።

አንድ ምሳሌ ልጨምር፣ ምክንያቱም ዘረመል የሰው ሕይወት ሲያተርፍ በደንብ የሚታይበት ነው። ወጣት ወንድ ነው። ደረቱ መሃል ዕጢ አለው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሴሎቹ ምንም የማይመስሉ፣ የተዘበራረቁ ናቸው። ክሮሞዞም 12 ሲታይ ግን አጭሩ ክንዱ ተደግሞ፣ ሁለቱ አጫጭር ክንዶች ተጋጥመው አዲስ ክሮሞዞም ሠርተዋል። ይህ የዘር ፍሬ ሴሎች ካንሰር ምልክት ነው። በሲስፕላቲን ላይ የተመሠረተ ኬሞ ይሰጠዋል፤ እንዲህ ዓይነቱ ካንሰር ከተሰራጨ በኋላም ሊድን ይችላል። ያ ክሮሞዞም ባይታይ ኖሮ ወጣቱ ተስፋ ከሌላቸው ጋር ይመደብ ነበር።

እዚህ ድረስ የሰማ ሰው «በቃ፣ መነሻውን በዘረመል አውቀን በዚያው ማከም ነው» ይላል። እኔም እንዲያ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ሙከራዎቹ ግን ነገሩ ያን ያህል ቀላል እንዳልሆነ አሳዩን። ጃፓን ውስጥ 130 ታማሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ምርመራው በገመተው መነሻ መሠረት ታከሙ፣ ግማሾቹ የተለመደውን ኬሞ ወሰዱ። በ2019 የወጣው ውጤት ምንም ጥቅም አላሳየም። ዓመት የደረሱት በመነሻው ከታከሙት 44 በመቶ፣ ከተለመደው ኬሞ 55 በመቶ ገደማ ነበሩ። በፈረንሳይ መሪነት 243 ሰው ላይ የተደረገውም ልዩነት አላገኘም። ከዚያ በ2024 ሻንጋይ ላይ የፉዳን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች 182 ታማሚዎች ላይ ያደረጉት ሙከራ ተቃራኒውን አሳየ። በመነሻው የታከሙት በሽታቸው ሳይባባስ 9.6 ወር ቆዩ፤ ሌሎቹ 6.6 ወር።

ይህ ለምን ሆነ? የኔ አስተያየት ይህ ነው። መነሻው ታውቆ ቆሽት ነው ቢባል፣ ለተሰራጨ የቆሽት ካንሰር ያለን መድኃኒት ራሱ ደካማ ነው። ስሙን ማወቅ ብቻውን አላዳነም። ኩላሊት ነው ከተባለ ግን ነገሩ ይለያል፤ የተለመደው ኬሞ ለኩላሊት ካንሰር እምብዛም አይሠራም፣ የራሱ ጥሩ መድኃኒቶች ግን አሉት። ስለዚህ ማወቁ የሚጠቅመው ከእውቀቱ በኋላ የሚሰጥ ነገር ሲኖር ነው።

ለዚህ ነው ሁለተኛውን ጥያቄ ከመጀመሪያው እኩል ማንሳት ያለብን። አንደኛው «ከየት መጣ?» ነው። ሁለተኛው «አሁን ምን ያሳድገዋል?» ነው። ቤተሰብ የመጀመሪያው ላይ ሙጭጭ ይላል፤ ሐኪምም አንዳንዴ። ሁለተኛው ግን ያለ መጀመሪያውም መልስ ሊያገኝ ይችላል።

ከ2017 ወዲህ የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ አካል መነሻውን የማይጠይቁ መድኃኒቶችን መፍቀድ ጀምሯል። የመጀመሪያው ፔምብሮሊዙማብ ነው። የዲኤንኤ ስህተት ማረሚያው ለተበላሸበት ዕጢ፣ ከየትም ይምጣ ከየት፣ ይሰጣል። በ2018 ላሮትሬክቲኒብ ተከተለ፤ ኤንትራክ የተባሉት ጂኖች ከሌላ ጂን ጋር ለተጣበቁባቸው። በ2022 ለቢራፍ እና ለሬት ጂኖች ለውጥ፣ በ2024 ኸር2 የተባለው ፕሮቲን ለበዛበት ዕጢ ትራስቱዙማብ ደሩክስቴካን ተፈቀደ። ጃፓን ደግሞ በ2021 መጨረሻ ኒቮሉማብ በቀጥታ መነሻው ላልታወቀ ካንሰር እንዲሰጥ ፈቀደች። ቀድሞ ኬሞ ከወሰዱ 45 ሰዎች ከአምስቱ የአንዱ ያህል ዕጢ ቀንሶ ነበር።

ይህንን አካሄድ በሰፊው የፈተነው ኩፒስኮ የተባለው ሙከራ ነው። ሦስት ዙር ኬሞ ወስደው ካንሰራቸው ካልተባባሰ በኋላ አንዱ ቡድን ኬሞውን ቀጠለ፤ ሌላው የዕጢው ዘረመል ተነቦ በዚያ መሠረት መድኃኒት ተሰጠው። በ2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ እንደወጣው ሁለተኞቹ በሽታው ሳይባባስ 6.1 ወር ቆዩ፣ የመጀመሪያዎቹ 4.4 ወር። ልዩነቱ ሁለት ወር አይሞላም። ትንሽ ነው ብትሉኝ አልከራከርም። ነገር ግን ያ ቁጥር የሁሉም መካከለኛ ነው። ትክክለኛው ለውጥ ተገኝቶላቸው ትክክለኛውን መድኃኒት ያገኙ ጥቂቶች ከዚያ እጅግ ርቀው ይሄዳሉ። ችግሩ ማን ከእነዚያ ጥቂቶች እንደሆነ ሳይመረመር አለመታወቁ ነው።

አሁን ሁሉም ወደሚሰናከልበት ነገር ልውረድ፤ ወደ ናሙናው። ስለሱ የሚያወራ ሰው ስለማላገኝ ዛሬ ዘርዘር ላድርገው።

ከጉበት በመርፌ የሚወጣው ናሙና ውፍረቱ ከክር ብዙ አይበልጥም። ፎርማሊን ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ሰም ውስጥ ተቀብሮ ብሎክ ይሆናል። ብሎኩ ሚሊሜትር በማይሞሉ፣ ከአራት እስከ አምስት ማይክሮን ብቻ በሆኑ ስስ ቁራጮች ይሸረከታል። ፓቶሎጂስቱ፣ ማለትም ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚያየው ሐኪም፣ መነሻውን ሲፈልግ የአካል ክፍሎችን ለሚለይ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ቁራጭ ያወጣል። ለሳንባ ቲቲኤፍ1፣ ለጡት ጋታ3፣ ለአንጀት ሲዲኤክስ2። አንዱ አልሰጥ ሲለው ሌላ ይጨምራል፣ ሌላ፣ ሌላ። ሃያ ቀለም ሲደርስ ዕጢው ያለበት ክፍል አልቋል። ከዚያ የካንሰር ሐኪሙ የዘረመል ምርመራ ሲያዝ ላቦራቶሪው «ናሙናው አይበቃም» ብሎ ይመልሳል። ታማሚው ደግሞ በዚያን ጊዜ ሌላ መርፌ የሚችልበት አቅም ላይኖረው ይችላል። የመጀመሪያውን ጥያቄ ስናሳድድ የሁለተኛውን መልስ ጨረስነው ማለት ነው። ይህ በሰው እጅ ያለ፣ ሊቀር የሚችል ጉዳት ስለሆነ በጣም ያሳዝነኛል።

የአጥንት ናሙና ሌላ አደጋ አለው። አጥንት እንዲቆረጥ ካልሲየሙ መውጣት አለበት። ብዙ ቦታ በጠንካራ አሲድ ነው የሚደረገው። አሲዱ ዲኤንኤውን ያደቀዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚነበብ ነገር የለም። ኢዲቲኤ የተባለውን መጠቀም ቀናት ቢወስድም ዲኤንኤውን ይጠብቃል። ስለዚህ ናሙና ሊወሰድ ሲል ሐኪሙን እንዲህ በሉት፦ «ለዘረመል ምርመራ የሚበቃ ይቀመጥልን።» ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

እናንተን በቀጥታ የሚመለከት አንድ ጉዳይ ደግሞ አለ። አሜሪካም አውሮፓም ያላችሁ የምርመራ ውጤት ስትቀበሉ ቲኤምቢ የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ዕጢው ስንት ሚውቴሽን እንደያዘ ይለካል። በአንድ ሚሊዮን ፊደል 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፔምብሮሊዙማብ ሊታዘዝ ይችላል። ብዙ ላቦራቶሪዎች ግን የሚያነቡት ዕጢውን ብቻ ነው፤ የታማሚውን ደም ጎን ለጎን አያነቡም። ታዲያ አንድ ለውጥ ሰውየው ሲወለድ የያዘው ይሁን ካንሰሩ ያመጣው የሚለዩት በመረጃ ቋት ነው። ቋቱ ውስጥ ያለው በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ሰዎች ዲኤንኤ ነው። የአፍሪካ ሕዝቦች የዘረመል ስፋት ደግሞ ከዓለም ሁሉ ይበልጣል። ስለዚህ ከአያቶቻችን የወረስነው ደህና ልዩነት ቋቱ ውስጥ ስለሌለ ካንሰሩ ያመጣው ሚውቴሽን ተብሎ ይቆጠራል። ቁጥሩ ያለ አግባብ ከፍ ይላል። ይህ በጥናት የተረጋገጠ ነው። ታማሚው የማይጠቅመው ሕክምና ሊጀመርለት ይችላል፤ የሚሻለውም ይዘገይበታል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ደምም አብሮ እንዲነበብ መጠየቅ።

ደም ሲነበብ ሌላም ነገር ሊወጣ ይችላል። ብራካ1፣ ብራካ2፣ ወይም የስህተት ማረሚያ ጂኖች ላይ የተወረሰ ለውጥ። ይህ ለታማሚው መድኃኒት ይመርጣል፤ ለልጆቹና ለእህት ወንድሞቹ ደግሞ ቀድመው እንዲመረመሩ ዕድል ይሰጣል። በኛ ቤት በሽታ ይደበቃል። «እማማ እንዳትሰማ፣ ልጆቹ እንዳይጨነቁ» እንላለን። ከፍቅር ነው፣ ይገባኛል። ግን የተወረሰ ለውጥ ሲገኝ ዝምታው እህትየውን ሊጎዳት ይችላል።

የመጨረሻው ነገር ለሕክምና አገር ለሚቀይሩ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሕንድ፣ ወደ ታይላንድ ወይም ወደ ቱርክ የሚሄዱ ታማሚዎች ብዙ ጊዜ የሚይዙት የውጤት ወረቀትና የስካን ሲዲ ብቻ ነው። የሰሙን ብሎክና ስላይዶቹን ከፓቶሎጂው ክፍል በፊርማ ጠይቃችሁ ውሰዱ። ብሎኩ ፍሪጅ አይፈልግም፣ ሙቀት እንዳያቀልጠው ብቻ መጠበቅ ነው፤ ለዓመታት ይቆያል። ሻንጣ ውስጥ አታስገቡት፣ በእጅ ቦርሳ ያዙት። ስትመለሱም የቀረውን አስመልሱ። በሚቀጥለው ዓመት አዲስ መድኃኒት ሲመጣ የሚመረመረው ያው ብሎክ ነው።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ጊዜ አለን።